ለጊዜው

ከአማርኛ ቃላት አንዱን ከመዝገበ ቃላት ፋቅ ብባል፣ ሳላመነታ የምፍቀው "ለጊዜው" የሚለውን ነው። ሲያዩት ክፋት የሌለበት፣ ትሁትና ጨዋ ቃል ይመስላል። ግን ስንት ቤት እንዳቃጠለ፣ የስንቱን ወገብ እንዳጎበጠ፣ የስንቱን ደመወዝ በወንፊት እንደተቀዳ ውሃ እንዳፈሰሰ ቆጥሮ የጻፈልን የለም። "ለጊዜው ይሄ ይሁን፤ በኋላ ጥሩውን እንገዛለን።" ይህን ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። ያ "በኋላ" የመጣለት ደግሞ ሁለቱንም እጁን ያውጣ።

ለጊዜው የተገጠመ ቧንቧ አምስት ዓመት ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ለጊዜው የተገዛ ፍራሽ ልጅ ተወልዶበት፣ አድጎበት፣ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ድረስ መሀሉ ጎድጉዶ ያገለግላል። ለጊዜው የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ቀለም በተቀባ ቁጥር አብሮ እየተቀባ የቤቱ አካል ይሆናል። በእኛ አገር እንደ ጊዜያዊ ነገር ዘላቂ የለም።

እኔ የምለው አጭር ነው። እኛ ደመወዝ እየጠበቅን የምንኖር፣ ተምረናል የምንል የከተማ ሰዎች ገንዘባችንን የምናፈሰው እንግዳ በሚያየው ነገር ላይ ነው። የምንሰስተው ደግሞ በየቀኑ እኛን በሚሸከመን ነገር ላይ ነው። እስቲ ወደ አንዱ ቤት ግቡ። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ እንዳይቆሽሽ ተብሎ የተሸፋፈነ ሶፋ፣ ሜትሩ ስንት እንደተገዛ ሳትጠይቁ የሚነገራችሁ መጋረጃ ታገኛላችሁ። ወደ ጓዳ ዝለቁና ደግሞ የምጣዱን ገመድ እዩት። ሦስት ቦታ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ሶፋው ላይ የሚቀመጠው በዓመት አራት ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ነው። ምጣዱ ፊት በሳምንት ሦስት ቀን የምትቆመው የቤቱ እናት ናት። የትኛው ነው ውድ ዕቃ የሚገባው?

ከምጣዱ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ዋነኛው በላተኛ ነው፤ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በእኛ 220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። አሁን ጥግ ላይ የተጣለውን ማከፋፈያ፣ የሰፈር ሰው "ዲቫይደር" የሚለውን፣ ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። 10 አምፔር የሚል ከሆነ አቅሙ 2,200 ዋት ላይ ያበቃል። ምጣድ ሲጫንበት ዲቫይደሩ አቤት አይልም፤ ዝም ብሎ ይሞቃል። የሽቦ ሙቀት ደግሞ እንደ ታክሲ ታሪፍ በቀስታ አይጨምርም። በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ10 አምፔር በተሠራ ገመድ 16 ሲያልፍበት ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው።

ገመዱንም ቆርጣችሁ እዩት። ላዩ የመዳብ ቀለም አለው፤ በምላጭ ስትፍቁት ግን ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ይሆናል። አሉሚኒየም በራሱ ነውር የለበትም፤ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚዘረጋው መስመር ከእሱ ነው የሚሠራው። ነውሩ መዳብ ነኝ ብሎ፣ በመዳብ ውፍረት፣ ለመዳብ ሥራ መሸጡ ነው። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስድሳ በመቶ ገደማ ነውና በዚያው ውፍረት ያንኑ ጭነት ሲሸከም ይበልጥ ይሞቃል።

በሰፈራችን አንዲት እናት እንጀራ እየጋገሩ ሳለ ሶኬቱ ተቀጣጥሎ የልጆቹ መኝታ ቤት እንዳለ ጋየ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩና ነፍስ ተረፈ። ቤቱን የሠራው ኤሌክትሪሽያን ሊያይ መጥቶ ስለነበር፣ "አንተ፣ ይሄን ገመድ ለምጣድ እንዴት ትዘረጋለህ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ ጋሼ? ለምጣዱ ባለ አራት ይግዙ አልኳቸው። 'ኧረ ይቺ ምን አላት፣ ለጊዜው ትሁን' ብለው ባለ አንድ ተኩል ይዘው መጡ። እኔ የሰጡኝን ነው የምዘረጋው።"

ቀና ብዬ ሳይ ከእሳቱ የተረፈው የሳሎኑ ኮርኒስ በአበባ ያጌጠ ጂፕሰም ነበር። በዚያው ሰሞን ነው የተሠራው። ጂፕሰሙን ያየ ሁሉ አድንቋል፤ ገመዱን ግን ማን ያየዋል?

ከእሳቱ ወደ እግራችን እንውረድ። ሒሳብ እንሥራ፤ ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው። አንዱ በ800 ብር ጫማ ገዛ እንበል። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው፤ አራት ወር ካገለገለው ዕድለኛ ነው። በሦስት ዓመት ዘጠኝ ጫማ ይገዛል፤ 7,200 ብር። ሌላው በ3,000 ብር ሶሉ የተሰፋ የቆዳ ጫማ ገዛ። በየመሀሉ ሁለት ጊዜ፣ በ500 በ500 ብር፣ ሶል አስቀየረ። በሦስት ዓመት 4,000 ብር አወጣ። የመጀመሪያው በ3,200 ብር በልጦ ከፍሏል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን በረጠበ ካልሲ አሳልፏል። ታዲያ በእኛ ዘንድ ቆጣቢ የሚባለው እሱ ነው። ሁለተኛው "ዘናጭ" ተብሎ ይታማል።

ይህን ሒሳብ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ጊዜ በእግሩ ሠርቶት ያውቃል። በ1990ዎቹ ከቻይና የመጣ ርካሽ ጫማ መርካቶን አጥለቀለቀው። መልኩ ያብረቀርቃል፣ ፋሽኑ አዲስ ነው፣ ዋጋው ይስባል። በየጓሮው ቆዳ እየቆረጡ የሚሰፉ ብዙ ጫማ ሠሪዎች ሠራተኛ በተኑ፣ ዘጉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሸማቹ አንድ ነገር ገባው፤ ያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ክረምት አይሻገርም። ቀስ በቀስ ወደ አገር ውስጡ ቆዳ ተመለሰ። ጫማ ሠሪዎቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም፤ ዲዛይናቸውን አሻሻሉ፣ ጥራታቸውን ከፍ አደረጉ፣ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። ይህን ያደረገው የሸማቹ እግር ነው። ያን ጊዜ የገባን ነገር ዛሬ ለምን ተረሳን?

ጥራት ስል ውድ ዋጋ ማለቴ ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት በረባሶን እጠቅሳለሁ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ ርካሽ ነው፤ ማንም ግን "ለጊዜው" ብሎ አልገዛውም። ድንጋይ ረግጦ፣ ጭቃ ገብቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ዓመታትን ይቆያል። የሠራው ሰው የሚለብሰውን ሰው መንገድ ያውቃል። ርካሽ ዕቃ ሁሉ መናኛ አይደለም፤ መናኛ የሚሆነው ላይሠራ እንደሚሠራ ሆኖ ሲሸጥ ነው።

ስለ ቧንቧና ስለ ፍራሽ ብዙ አልልም፤ እያንዳንዱ በቤቱ ያውቀዋል። ይህን ብቻ ልበል፤ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ያፈስሳል፤ በሳምንት ከአንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በላይ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ሌሊት ተነስተን በባልዲ የምናጠራቅመውን ውሃ ቀን ላይ ለመናኛ ቧንቧ እንገብራለን። ነሐሱ በዋጋ ይበልጣል፤ ግን ጎሚኒው ብቻ እየተቀየረ ቤቱን ያስረጃል። ፍራሽም ላይ ከሃያ አራቱ ሰዓት ሰባቱን ስምንቱን የምናሳልፈው እኛ ነን፤ እንግዳ አያየውም፤ ስለዚህም ነው የምንሰስትበት። ጠዋት ወገባችንን ይዘን ስንነሳ ጥፋተኛው ዕድሜ ወይም ብርድ ይሆናል፤ ስፖንጁን የሚጠረጥር የለም።

አሁን ከአንባቢዎች መሀል አንዱ "አንተ ደልቶሃል፤ ድሀው ምን ያድርግ?" እንደሚል አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ፊት ለፊት መመለስም አለበት። በኪሱ 800 ብር ብቻ ያለውን ሰው የ3,000 ብር ጫማ ግዛ ማለት ስድብ ነው። በእርግጥም የድህነት ትልቁ ግፍ ይህ ነው፤ ድሀ ለተመሳሳይ ነገር ከሀብታም በላይ ይከፍላል፤ ለዚያውም በተቆራረጠ ክፍያ፣ ሳይታወቀው። እኔ ግን የምከሰው እሱን አይደለም። የምከሰው ሶፋ ለመለወጥ ዕቁብ የሚገባውን፣ ለገመድ ሲሆን ግን "ይቺ ምን አላት" የሚለውን ነው። የምከሰው እኔንና እናንተን ነው።

ደግሞስ ድሀው ምንም መላ የለውም ያለው ማን ነው? ዕቁብ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ በአንድ ጊዜ የማይወጣን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለማውጣት። ዕቁብ ለሶፋ ከተጣለ ለምጣድ ገመድ የማይጣልበት ምክንያት የለም። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ ብልህ ሰው ከአዲስ መናኛ ጫማ ይልቅ ያገለገለ ጥሩ ጫማ ሲመርጥ ታገኙታላችሁ። ስፌቱን ይጎትታል፣ ሶሉን ያጥፋል፣ ውስጡን ያሸታል። እኛ ደግሞ የምናየው ሳጥኑን ነው።

እናቶቻችን እንደዚያ ሰው ነበሩ። ጀበና ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ይሰሙ ነበር፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ያሳብቅበታል። ጤፍ ሲገዙ በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው፣ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ነው። ጋቢ ሲገዙ ዘርግተው ወደ ብርሃን ያነሱታል፤ ድሩና ማጉ እኩል መጠበቁን ያያሉ። በርበሬማ ተፈጭቶ የተቀመጠ አይገዙም። ዛላውን ገዝተው፣ ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ወፍጮ ቤት ቆመው ያስፈጫሉ። ከተፈጨው ይልቅ በገንዘብም በጉልበትም ብዙ ያስወጣል። ለምን ያን ሁሉ እንደሚደክሙ የገባን ሸክላ ተፈጭቶ ከበርበሬ፣ ሙዝ ከቅቤ፣ ጀሶ ከእንጀራ ጋር ሲቀላቀል ተያዘ የሚል ዜና መስማት ስንጀምር ነው። እነሱ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ዕቃ ማወቅን ግን ተምረዋል። እኛ ዲግሪ ጭነን የምናውቀው ዋጋ ማስቀነስ ብቻ ሆነ። ሃምሳ ብር ያስቀነስን ዕለት ጀግነን ወደ ቤት እንገባለን፤ ነጋዴው ግን ያቺን ሃምሳ ብር ከጥራቱ ላይ ቀድሞ ቀንሷታል።

ነጋዴውንስ? ነጋዴውንም እንውቀሰው፤ ግን ቃሉን እንስማ። መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው "ጥሩውን ለምን አታመጣም?" ስለው፣ "ወንድሜ፣ አምጥቼ ነበር። ሁሉም ይነካዋል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ከጎኑ ያለውን ገዝቶ ይሄዳል። ብሬን ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ አስሬ ተቀመጥኩ። ልጆቼ መደርደሪያ አይበሉም" አለኝ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ነው ያሳየው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ያን ጊዜ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያ ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ብቻ ይቀራል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የመርካቶው ሰው ግን ያለ ሽልማት በሁለት ዓመት ኪሳራ ተማረው። እኛ ርካሹን በመረጥን ቁጥር መናኛ ዕቃ ይዘን መግባታችን ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሐቀኛውን ነጋዴና እጁ የተባረከውን ባለሙያ ከገበያ እያባረርን ነው። ነገ ገንዘብ አግኝተን "ጥሩውን አምጡ" ስንል የሚያመጣ አይኖርም፤ የሚሠራውም ሙያውን ትቶ ሊስትሮ ወይም ጥበቃ ሆኗል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። እንግዲህ በየሱቁ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስታዩ፣ ያ ወረቀት ከሕግ በላይ እንዳልሆነ እወቁ። ነገር ግን ሕጉን የሚጠይቅበት ደረሰኝ ያለው ማን ነው? "ያለ ደረሰኝ ስንት ታደርግልኛለህ?" ብለን ራሳችን መብታችንን በጥቂት ብር ሸጠነዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሚዛኑን ላለመሳት ደግሞ የሌላውን ወገን እናገራለሁ። ውድ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ በማይገባው ላይ የሚፈስሰው ገንዘባችን በሚገባው ላይ ከሚጎድለን አይተናነስም። ጨው ጨው ነው፤ ስኳርም ስኳር ነው፤ የማሸጊያው ማማር ወጡን አያጣፍጠውም። ደረቱ ላይ ትልቅ የድርጅት ስም የተጻፈበት ሸሚዝ ከሌላው ይልቅ አያሞቅም፤ ለዚያውም ብዙው የተጻፈበት ድርጅት የማያውቀው ነው። መድኃኒት እንኳ በታወቀ የንግድ ስም ከሚሸጠው ይልቅ ዋና ንጥረ ነገሩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ተመርምሮ የተፈቀደ፣ በመጠሪያ ስሙ የሚሸጥ በርካሽ ይገኛል፤ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የወጣው ስልክ እየሠራ የዘንድሮውን መግዛትም ከዚሁ ይመደባል። የሠርግ ጥሪ ካርድማ ተነቦ ይጣላል፤ ወርቅ ቢቀባ ምን ያደርጋል?

ታዲያ በየትኛው ላይ እንክፈል? እኔ በሦስት ጥያቄ ነው የምለየው። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ቢበላሽ ሰው ይጎዳል ወይ? ገመድ፣ ሶኬት፣ የጋዝ ሲሊንደር ጎማና ሬጉሌተር፣ የመኪና ፍሬንና ጎማ፣ ሕፃን የሚጠጣበትና የሚበላበት ሁሉ እዚህ ይገባል። በእነዚህ ላይ ዋጋ መከራከር ከራስ ሕይወት ጋር መከራከር ነው። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ሰውነቴ ይነካዋል ወይ? ጫማ፣ ፍራሽ፣ ልጅ የሚሸከመው የደብተር ቦርሳ። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ ይጠገናል ወይ? የሚጠገን ዕቃ ጠጋኙንም ያኖራል፤ የማይጠገን ዕቃ ቆሻሻ መጣያውን ብቻ ነው የሚያበዛው። ለሦስቱም መልሱ "የለም" ከሆነ ርካሹን ግዙ፤ ማንም አይፈርድባችሁም፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

የሚጠይቀን የገንዘብ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከምንፈራው ያነሰ ነው። ለምጣዱ ደህና ገመድና ሶኬት ለመግዛት የሚጨመረው ብር፣ መጋረጃውን አንድ ሜትር ብናሳጥር ወይም ለድግሱ አንድ ካሳ ቢራ ብንቀንስ ይሸፈናል። ገንዘቡ አለን። የጎደለን ለራሳችን ጥሩ ዕቃ ይገባናል ብሎ የማመን ድፍረት ነው። እንግዳን አክብረን ራሳችንን መናቅን እንደ ጨዋነት ቆጠርነው። ጥሩው ብርጭቆ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት እኛ በተሸረፈው እንጠጣለን፤ ጥሩው አንሶላ ለእንግዳ ተጣጥፎ እኛ በነተበው እንተኛለን። ልጆቻችንም ይህን እያዩ ያድጋሉ፤ የቤት ሰው ከእንግዳ በታች መሆኑን ከእኛ ይማራሉ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ስትገቡ እንግዲህ "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ስንት ዓመት ይቆያል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው መጀመሪያ ይስቅባችሁ ይሆናል። አሥረኛው ገዢ ያንኑ ሲጠይቀው ግን መልሱን ማወቅ ይጀምራል፤ ሃያኛው ሲጠይቀው ጥሩውን ያመጣል። ደረሰኝም ተቀበሉ። "ለጊዜው ይሄን ውሰዱ" ካላችሁ ደግሞ ጊዜው ስንት እንደሆነ በግልጽ እንዲነግራችሁ አድርጉ።